የብርብር ጥቁር አሸዋ፦ ከፕላቲኒየሙ በፊት የሚጣለው ክሮም

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል የአገራችን ሰው። በምዕራብ ወለጋ፣ ከጊምቢ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው ዩብዶ ግን ተረቱ ትንሽ ይለወጣል። እዚያ ለዘመናት በእጅ ተይዞ ሲጣል የኖረው ወርቅ ሳይሆን ጥቁር አሸዋ ነው።

የዩብዶን አፈር የሚያጥብ ሰው ቡናማውን አፈር በገበቴ ያነሳል፣ ውሃ ያስገባበታል፣ እያሽከረከረ ያንገዋልለዋል። መጀመሪያ የሚሄደው ጭቃው ነው። ቀጥሎ ቀለል ያለው ጠጠር ይሄዳል። በመጨረሻ ገበቴው ሥር ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭና ከበድ ያለ አሸዋ ይቀራል። አጣቢው ይህንንም በጥንቃቄ ጥቂት በጥቂት ያፈሰዋል፤ የሚፈልገው ከአሸዋው ሥር የተደበቁትን ግራጫ የፕላቲኒየም ቅንጣቶች ነውና። ከዚያ ጥቁር አሸዋ ውስጥ አንዱ ክፍል ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ማግኔታይት ነው። ሌላው ክሮማይት ነው፤ የክሮም ማዕድን።

ክሮም በዩብዶ ገበቴ ውስጥ ከፕላቲኒየሙ በፊት የሚጣል የመጨረሻው ነገር ነው። ይህ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሲደጋገም የኖረ ድርጊት ስለ ወለጋ ማዕድን ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ይናገራል። የሚጣለው ለምንድን ነው? አጣቢው ስላላወቀ ነው? ወይስ ሒሳቡ ስለማይወጣ? መልሱን ለማግኘት ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ከዩብዶ ማን ምን ይዞ እንደሄደ፣ ክሮም የሚባለው ነገርስ ከድንጋይነት ወደ ሸቀጥነት እንዴት እንደሚሸጋገር ማየት ያስፈልጋል።

◾ ድንጋዩ ከየት መጣ?

ዛሬ የነቀምቴ፣ የጊምቢና የነጆ ሰው ከባሕር ርቆ በደጋና በወይና ደጋ ቡናና ጤፍ እያመረተ ይኖራል። የምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ድንጋዮች ግን በምሥራቅና በምዕራብ አህጉራት መካከል የነበረ ውቅያኖስ ሲዘጋ የተጨፈለቁ የደሴቶችና የባሕር ወለል ቁራጮች ናቸው። ይህ የሆነው በግምት ከ800 እስከ 600 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ያው የድንጋይ ቀበቶ ከወለጋ ተነስቶ በቤኒሻንጉል በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ከዚያም በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ይዘረጋል።

በዚህ ቀበቶ ውስጥ ከመሬት ጥልቅ ክፍል የመጡ ከባድ ድንጋዮች እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ። የዩብዶ ዱናይት አንዱ ነው። የቱሉ ዲምቱ ተራራም ሌላው ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀዩ ተራራ» ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ድንጋዮች ብረት ስለሚበዛባቸው ሲበሰብሱ አፈራቸው ቀይና ቡናማ ይሆናል። ድንጋዮቹ እንዴት እንደተፈጠሩ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ገሚሱ የጥንቱ ውቅያኖስ ወለል ስብርባሪ ናቸው ሲል፣ ገሚሱ ከታች እየቀለጠ ወጥቶ በቀለበት መልክ የረጋ ቅላጭ ናቸው ይላል። ክርክሩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ክሮሙ በወፍራም ክምችት ወይስ በተበታተነ ቅንጣት ሊገኝ ይችላል የሚለውን ይነካል።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ። ክሮማይትና ፕላቲኒየም ዘመዳሞች ናቸው። ድንጋዩ ከቅላጭነት ሲረጋ ክሮማይት ቀድመው ከሚጠነክሩት ማዕድናት አንዱ ነው፤ የፕላቲኒየም ቅንጣቶችም ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር ተጠግተው ይገኛሉ። ስለዚህ በዩብዶ አንዱን የሚያጥብ ሰው ሌላውን ማግኘቱ አይቀርም።

◾ ፕላቲኒየሙ ከዩብዶ፣ ስሙ ከብርብር

የወለጋ ወርቅ ከዩብዶ ፕላቲኒየም በፊት ስም ነበረው። የሌቃ ነቀምቴው ገዢ ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ለራስ ጎበና ዳጬ ገብረው ግዛታቸው ከምኒልክ መንግሥት ጋር ሲተሳሰር፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከግብሩ ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ግብሩን የመሰብሰብና የማድረስ ኃላፊነት ወረሱ። ዛሬ ነቀምቴ ላይ የሚጎበኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ወርቁ በአጣቢ እጅ ታጥቦ፣ በነጋዴ ሚዛን ተመዝኖ፣ በበቅሎ ተጭኖ ወደ መሃል አገር ይሄድ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የውጭ ሰዎች የማዕድን ፈቃድ ዘመን ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው የስዊዘርላንዱ አልፍሬድ ኢልግ ስም ከወለጋ የወርቅ ፈቃድ ታሪክ ጋር ይነሳል። ጣሊያናዊው አልቤርቶ ፕራሶም በዚሁ አካባቢ ለዓመታት ማዕድን ሲያስስ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ የዩብዶን ፕላቲኒየም ለዓለም አስተዋወቀ። የዓለም የፕላቲኒየም ገበያ ለረዥም ጊዜ በሩሲያ የኡራል ተራሮች ምርት ላይ ተንጠልጥሎ ስለኖረ፣ በአፍሪካ ቀንድ የኡራልን የመሰለ ድንጋይ መገኘቱ ትልቅ ዜና ነበር።

የኡራልን ፕላቲኒየም ሲያጠና የኖረው የጄኔቫው ፕሮፌሰር ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ የዩብዶን ድንጋይ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 ከዱናይት መበስበስ የተፈጠረውን፣ በሲሊካ የተሞላውን ቡናማ ድንጋይ በአካባቢው ወንዝ ስም «ብርብራይት» ብለው ሰየሙት። ቃሉ ዛሬም በዓለም የድንጋይ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። ከቱርክ እስከ አሜሪካ ያሉ ጂኦሎጂስቶች በየአገራቸው እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲያገኙ የወለጋውን ወንዝ ስም ይጠራሉ።

ከዩብዶ እስካሁን የወጣው ፕላቲኒየም በአብዛኛው ሲገመት ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ነው። በአንድ አይሱዙ ይጫናል። ምርቱ ከጣሊያን ወረራ በፊትም፣ በወረራው ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ በተከታታይ መንግሥታት እየቀጠለና እየተቋረጠ ተጓዘ። ማጥራቱና ወደ መጨረሻው ዕቃ መለወጡ ግን ሁልጊዜ የውጭ አገር ሥራ ነበር። ዩብዶ ላይ የቀረው የታጠበ አፈርና ከአፈሩ ጋር የተጣለው ጥቁር አሸዋ ነው።

እዚህ ላይ ማንንም ለመውቀስ ከመቸኮል በፊት አንድ ሒሳብ መሥራት ይገባል። የአንድ ኪሎ ፕላቲኒየም ዋጋ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የአንድ ቶን የክሮም ማዕድን ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አይበልጥም። በኪስ የሚያዝ አንድ ኪሎ በግምት የአንድ መቶ ቶን ክሮም ዋጋ ያወጣል። መንገድ በሌለበት አገር በበቅሎ የሚጭን ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ክሮሙ የተጣለው በድንቁርና አልነበረም፤ ከገበቴ በላይ የሆነ ነገር ስለሚጠይቅ ነው።

◾ ክሮም ለምን ተፈለገ?

ክሮምን እንደ ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1797፣ ከሳይቤሪያ ከመጣ ቀይ ማዕድን። ውሁዶቹ ቀለማቸው ስለሚለያይ ስሙን ከግሪክኛው «ቀለም» ከሚል ቃል አወጡለት። መጀመሪያ ለቀለም ፋብሪካዎች አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1848 አናቶሊያ ውስጥ ከፍተኛ የክሮም ክምችት ተገኘ፤ ኦቶማን ቱርክም ከዓለም ዋና አቅራቢዎች አንዷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ ሼፊልድ ላይ ክሮም የተቀላቀለበት ብረት እንደማይዝግ ሲያረጋግጥ ክሮም የኢንዱስትሪ የደም ሥር ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ጀርመን የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በቱርክ ክሮም ላይ ተደግፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1944 ቱርክ በተባባሪዎቹ ኃይሎች ግፊት መላኩን አቆመች። ያ ውሳኔ በዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው።

ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ የራቀ ይመስላል፤ አይደለም። በየቤቱ ያለው የማይዝግ ድስት፣ ማንኪያና የሆስፒታል መሣሪያ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮም አለበት። የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካዎቻችን ምድጃዎች ውስጣቸው እሳት በሚቋቋም ጡብ ይለበጣል፤ ክሮም ለእንዲህ ዓይነቱ ጡብ ከሚያገለግሉት ማዕድናት አንዱ ነው። በይበልጥ የሚገርመው ቆዳው ነው። የሞጆና የአዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት በአብዛኛው በክሮም ጨው ነው፤ «ዌት ብሉ» የሚባለው ቆዳ ሰማያዊ የሆነውም በክሮሙ ነው። ያ ጨው ከውጭ በዶላር ይገዛል። ክሮም የያዘ ድንጋይ ምዕራብ ወለጋ ላይ ተኝቶ፣ የክሮም ጨው በጅቡቲ በኩል ይገባል።

ይህን ሲሰማ «ታዲያ ለምን እዚሁ አንሠራውም?» የማይል አንባቢ የለም። መልሱ በማበልጸግ ሥራው ውስጥ አለ።

◾ ከጀንፈል እስከ ታጠበ ቡና

ወለጋ ማበልጸግ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። የነቀምቴ ቡና በዓለም ገበያ የራሱ ስም አለው። አንድ ገበሬ ቀዩን ፍሬ ለቅሞ አድርቆ በጀንፈል ሲሸጥና፣ ያው ፍሬ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ እንከኑ ተለቅሞ ደረጃ ሲወጣለት የሚያገኘው ዋጋ አንድ አይደለም። የሚለወጠው የማይፈለገው መጠን ነው። የክሮም ሥራም እንዲሁ ነው፤ አራት እርከን አለው።

አንደኛው መልቀም ነው። ክሮማይት በወፍራም ጉብታ ሲገኝ ጥቁሩ ድንጋይ ከአረንጓዴው በዓይን ይለያል። በብዙ አገሮች ሥራው የተጀመረው በእጅና በመዶሻ ነው። ለዚህ ግን ድንጋዩ ከመነሻው ሀብታም መሆን አለበት።

ሁለተኛው መፍጨት ነው። ክሮማይቱ በሌላ ድንጋይ ውስጥ እንደ ጥቁር አዝሙድ ከተበተነ፣ ድንጋዩ በክሬሸር ተሰባብሮ፣ በብረት ኳሶች በተሞላ ወፍጮ ተፈጭቶ፣ ቅንጣቱ ከአቃፊው እስኪለቅ መድቀቅ አለበት። ጥበቡ ልኩ ላይ ነው። ያነሰ ከተፈጨ ክሮሙ ከድንጋዩ አይላቀቅም። ከልክ በላይ ከተፈጨ ክሮማይቱ ራሱ ዱቄት ይሆንና ከጭቃው ጋር በውሃ ይሄዳል። በዓለም ላይ በርካታ ፋብሪካዎች ክሮማቸውን የሚያጡት እዚሁ ላይ ነው።

ሦስተኛው ማንገዋለል ነው። ሰፌድ ላይ ያለች እናት ጤፍን ከአሸዋ የምትለይበት ብልሃት የፋብሪካው ብልሃት ነው፤ ክብደት። ውሃ ከያዘው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ክሮማይት 4.5 እጥፍ ያህል ይከብዳል። አብሮት ያለው ሰርፐንቲን ግን 2.6 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ የተቀላቀለው ዱቄት በጠመዝማዛ ቦይ ሲወርድ ከባዱ ወደ ውስጥ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይሸሻል። በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይም ከባዱና ቀላሉ በየመስመራቸው ይለያያሉ። ከዚያ ማግኔት ይገባል፦ ማግኔታይቱ በደካማ ማግኔት ይሳባል፣ ክሮማይቱ ግን ጠንካራ ማግኔት ይፈልጋል። እናም ይለያያሉ። በዚህ መንገድ ጥቂት በመቶ ክሮም የነበረው አፈር ከ40 በመቶ በላይ ክሮሚየም ኦክሳይድ ያለበት የበለጸገ ማዕድን ሊሆን ይችላል።

ግን ጣሪያ አለ። ንጹሕ የብረትና የክሮም ማዕድን 68 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ኦክሳይድ ይይዛል። የተፈጥሮው ክሮማይት ግን በራሱ ቅንጣት ውስጥ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ስለሚሸከም እዚያ አይደርስም። የቱንም ያህል ቢያጥቡት የቅንጣቱን ውስጥ ማጠብ አይቻልም። ገዢው የሚጠይቀውም የክሮሙን መቶኛ ብቻ አይደለም፤ የክሮሙን ከብረቱ ጋር ያለውን ንጽጽርም ጭምር ነው። ክሮሙ ከብረቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ድንጋዩ ተፈላጊ ነው። አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ዋጋው ይወርዳል።

አራተኛው ማቅለጥ ነው። ደቃቁ ማዕድን በኳስ መልክ ተድቦልቡሎ ከኮክ ከሰል ጋር ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ 1,700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይደርሳል። ካርበኑ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ክሮሙና ብረቱ ተዋህደው ከታች ይወርዳሉ፣ አሩ ከላይ ይንሳፈፋል። ውጤቱ ፌሮክሮም ይባላል። የማይዝግ ብረት ፋብሪካ የሚገዛው ይህን ነው። አንድ ቶን ፌሮክሮም ለማውጣት ሁለት ቶን ተኩል ያህል ማዕድንና ከ3,000 እስከ 4,500 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ፌሮክሮም የሚሸጥ አገር ግማሽ ድንጋይ፣ ግማሽ ኤሌክትሪክ ይሸጣል ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

የቆዳ ፋብሪካው ጨው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ማዕድኑ ከሶዳ ጋር በከፍተኛ ሙቀት ይጠበሳል። በዚህ መሃል ክሮሙ ካንሰር ወደሚያመጣው ዓይነት፣ ማለትም ወደ ስድስት ቫለንስ ክሮም ይለወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ አደጋው ወደቀነሰው ጨው ይቀየራል። ጥብቅ ቁጥጥር የሌለው አገር ሊጀምረው የማይገባ ሥራ ነው።

◾ ሌሎች ምን አደረጉ?

ደቡብ አፍሪካ የዓለም ትልቋ የክሮም አምራች ናት። የሚገርመው ታሪኳ ከዩብዶ ጋር የሚመሳሰል መሆኑ ነው። ቡሽቬልድ በሚባለው ግዙፍ የድንጋይ አካል ውስጥ ፕላቲኒየም ለማውጣት የሚቆፈር አንድ ሽፋን በአብዛኛው ክሮማይት ነው። ለረዥም ጊዜ ፕላቲኒየሙ ተወስዶ ክሮማይቱ ከተረፈ ምርቱ ጋር ይጣል ነበር። የብረቱ መጠን ከፍተኛ ስለሆነም ደካማ ማዕድን ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የማይዝግ ብረት ፋብሪካዎች በአርጎንና በኦክስጅን ካርበንን የሚያስወግዱበት ዘዴ ሲስፋፋ ርካሹ ፌሮክሮም ተፈላጊ ሆነ። የተጣለው ክምር በጠመዝማዛ ቦይ እየታጠበ ወደ ገበያ ወጣ። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቴክኖሎጂው ነው። ዛሬ ደግሞ እዚያው አገር የኤሌክትሪክ ዋጋ በመናሩ ምድጃዎች እየቆሙ፣ ማዕድኑ ሳይቀልጥ ወደ ቻይና እየተጫነ ነው።

ዚምባብዌ በሕግ ሞከረችው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጥሬ ክሮም ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች፣ በ2015 እገዳውን አነሳች፣ በ2021 እንደገና ከለከለች። በኤሌክትሪክ እጥረት ምድጃዎቹ ሲቆራረጡ፣ እገዳው መጀመሪያ የጎዳው ትንንሾቹን ቆፋሪዎች ነበር።

ኢትዮጵያም ይህን ትምህርት በሌላ ዕቃ ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ቆዳና በዌት ብሉ ኤክስፖርት ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ። ዓላማው ቆዳው እዚሁ ተሠርቶ እንዲወጣ ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘርፉ 500 ሚሊዮን ዶላር እንዲያስገባ ታሰበ፤ ግማሹን ያህል እንኳ ማስገባት አቃተው። ጥሬ ዕቃን መከልከል ፋብሪካ ይከፍታል እንጂ ጥራትን፣ ኬሚካልንና ገበያን ከሰማይ አያወርድም።

ለወለጋ ቅርቡ ምሳሌ ግን ጎረቤት ነው። በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ያሉት የኢንገሰና ኮረብታዎች በዚያው የወለጋ የድንጋይ ቀበቶ ዝምድና ውስጥ ናቸው። እዚያ ክሮም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተቆፍሯል፤ በአብዛኛው ሳይቀልጥ በፖርት ሱዳን በኩል ወጥቷል። ጦርነት በመጣ ቁጥር ሥራው ይቆማል። አካባቢው በክሮም አልበለጸገም።

የጥንቃቄው ምሳሌ ደግሞ ሕንድ ናት። የኦዲሻ ግዛት የሱኪንዳ ሸለቆ የአገሪቱን ክሮም ከሞላ ጎደል በሙሉ ይይዛል። በዚያ ከክሮም ማውጫዎቹ የሚወጣው ውሃ በስድስት ቫለንስ ክሮም ተበክሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ሸለቆው በዓለም እጅግ ከተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

◾ የወለጋ ሒሳብ

አሁን ወደ ዩብዶ እንመለስ፤ ሒሳቡን በግልጽ እናስቀምጥ።

አንድ ትንሽ የፌሮክሮም ፋብሪካ በዓመት 10,000 ቶን ያመርታል እንበል። 40 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህ ለወለጋ ቅርብ በሆነችው ጉባ ላይ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ ከሚጠበቀው ከ1 በመቶ በታች ነው። ወለጋ ራሷም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የፊንጫ ግድብ አላት። ስለዚህ «መብራት የለም» የሚለው የቆየ ምክንያት እንደ ድሮው ሙሉ መልስ አይሆንም፤ የቀረው መስመሩን ማድረስና ሳይቆራረጥ ማቆየት ነው።

ማዕድኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ፋብሪካ 25,000 ቶን የበለጸገ ክሮማይት ይፈልጋል። አፈሩ ለምሳሌ 2 በመቶ ክሮማይት ቢኖረውና በማጠብ ሁለት ሦስተኛው ቢገኝ፣ በዓመት 1.9 ሚሊዮን ቶን ገደማ አፈር መታጠብ አለበት። ቡሽቬልድ ላይ የክሮም ሽፋኑ በአብዛኛው ክሮማይት ነው፤ ዩብዶ ላይ ክሮማይቱ በዱናይቱ ውስጥ የተበታተነ ቅንጣት ነው። «ደቡብ አፍሪካ ከተረፈ ምርት ሀብት ሠራች፤ እኛስ?» ብሎ ዘሎ መደምደም ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ዩብዶ አንድ ጥቅም አላት። ዱናይቱ በዘመናት ዝናብ በስብሶ አፈር ሆኗል። ተፈጥሮ የክሬሸሩንና የወፍጮውን ሥራ በከፊል ሠርታዋለች። አንድ ጊዜ የታጠበው ክምር ደግሞ ተቆፍሮ የወጣ ነው፤ የቁፋሮ ወጪው ከተከፈለ ቆይቷል። ፕላቲኒየሙም የቀድሞ አጣቢዎች እጅ ያመለጠው ደቃቁ አለ። ክሮም ብቻውን ላያዋጣ ይችላል። ፕላቲኒየም ወጪውን ሸፍኖ ክሮሙ ተጨማሪ ገቢ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከዩብዶ እስከ ጅቡቲ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቶኑ ጥቂት መቶ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ይህን ያህል ተጉዞ ትርፍ ሊያመጣ አይችልም። ክሮም ከወለጋ በጥሬው የሚወጣበት አዋጭ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ይህ እንደ ችግር ይነገራል፤ ግን ጥበቃም ነው። ርቀቱ ራሱ «እዚሁ አበልጽጉ፣ አለዚያ ተዉት» እያለ ይፈርዳል።

አራተኛው ሰላም ነው። ያለፉት ዓመታት የወለጋ ግጭት ገበሬውን ከማሳው፣ ተማሪውን ከትምህርት ቤቱ ለይቷል፤ የማዕድን ሥራውንም አስሯል። ከጊምቢ ብዙም የማይርቀው የቱሉ ካፒ ወርቅ ክምችቱ ከታወቀ ከብዙ ዓመታት በኋላም በፋይናንስና በጸጥታ ምክንያት ሲጓተት ቆይቷል። በዚያው በጊምቢ አካባቢ ያለው የቢቂላል ብረትና ፎስፌት ከደርግ ዘመን ጀምሮ እየተጠና ዛሬም የወለጋን ማረሻ አልሠራም። በድሮው ጊዜ ግን የኦሮሞ ቀጥቃጮች፣ ቱምቱዎቹ፣ በከሰልና በወናፍ የአካባቢውን ድንጋይ አቅልጠው ዶማና ጦር ይሠሩ ነበር። ማበልጸግ ለወለጋ እንግዳ ዕውቀት አይደለም፤ የተቋረጠ ዕውቀት ነው። ለመቋረጡም የቀጥቃጩ ንቀት አንዱ ምክንያት መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

አምስተኛው ውሃው ነው። ብርብር ከገባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። ባሮ ጋምቤላን አቋርጦ ወደ ሶባትና ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል። በዩብዶ የሚደፈርስ ውሃ የጋምቤላ ዓሣ አጥማጅ የሚጠጣው ውሃ ነው። ሱኪንዳ ላይ የሆነው እዚህ እንዳይሆን ማጠቢያው ውሃውን መልሶ የሚጠቀም፣ ክምሩም ከወንዝ የራቀ መሆን ይኖርበታል።

◾ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው «ወለጋ በፕላቲኒየም ላይ ተኝታለች»፣ «ክሮም፣ ኒኬል፣ ወርቅ…» የሚል ዝርዝር ይዞራል። ዝርዝሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ዝርዝር ሀብት አይሆንም። ድንጋይ ማዕድን የሚሆነው መጠኑ ተለክቶ፣ ይዘቱ ታውቆ፣ የሚያበለጽገው ዘዴ ተሞክሮ፣ ኤሌክትሪክና መንገድ ተሰልቶ፣ ገዢው ታውቆ ሲያበቃ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ተስፋ ነው። ተስፋ ደግሞ ፈቃድ ይዞ ለዓመታት መሬት አጥሮ ለሚቀመጥ ሰው ይመቻል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ትልቅ ፋብሪካ መመረቅ አይደለም። ርካሽ ነገር ነው፦ የዩብዶን የታጠበ ክምር በየሜትሩ ቀዳድቶ ናሙና መውሰድ፣ ስንት በመቶ ክሮማይት፣ የክሮሙና የብረቱ ንጽጽር ስንት፣ ያመለጠው ፕላቲኒየም ምን ያህል እንደሆነ መለካት፣ ውጤቱንም ለሕዝብ ማሳወቅ። ይህን የአገሪቱ የጂኦሎጂ ተቋማትና ነቀምቴ ላይ ያለው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ንጽጽሩ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ነገሩን በክብር መዝጋት ይቻላል፤ የውሸት ተስፋም ይቀንሳል። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በአንድ ጠመዝማዛ ቦይና በአንድ ማግኔት የሚጀምር ሥራ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞችም ጥቁሩን አሸዋ ከማንም በላይ የሚያውቁት የዩብዶ አጣቢዎች ይሆናሉ።

ከዩብዶ 3 ቶን የሚጠጋ ፕላቲኒየም ወጥቷል። የብርብር ስምም ጄኔቫ ደርሶ በሳይንስ መዝገብ ተጽፏል። ጥቁሩ አሸዋ ግን አሁንም ከወንዙ ዳር ነው፤ ስንት እንደሆነ የለካው ሰው እስኪመጣ።